የምጣድ ገመድ ለስፒከር፦ ቤት ውስጥ ከተረፈ ገመድ የድምፅ መስመር አዘረጋግ

የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሰንጥቆ ከማድ ቤት በወጣ ጊዜ ገመዱን ቆርጬ አስቀረሁት። ጥቁር፣ የትንሽ ጣት ያህል ውፍረት ያለው፣ ሦስት ሜትር ገደማ የሆነ ገመድ ነው። ጎንደር፣ ማራኪ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ያሉት ሁለት ስፒከሮች ዛሬ ድምፅ የሚያገኙት ከእሱ ነው። ለሁለት ከፈልሁት፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ተኩል ደረሳቸው። በራሳቸው ክፍል ውስጥ ስፒከር ለመስቀል ፈልገው ገመድ ፍለጋ ፒያሳን ሲዞሩ ለሚውሉ ወዳጆች ሁሉ የምነግራቸውን እዚህ ላይ በዝርዝር ጽፌዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ገመድ ቤታቸው ውስጥ አለና።

ከአምፕሊፋየር (ድምፁን ከሚያጎላው መሣሪያ) ወደ ስፒከር የሚሄደው ኤሌክትሪክ የሚጠይቀው በቂ ውፍረት ያለው መዳብና ጥብቅ ማያያዣ ብቻ ነው። ገመዱ ቀድሞ ካውያ አሙቆበትም ይሁን አምፖል አብርቶበት ለውጥ የለውም። የምጣዱን ነገር በቁጥር እንየው። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ በገመዱ ውስጥ 16 አምፔር ያህል ያልፋል። 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ እገታ መለኪያ ነው) የሆነ ስፒከር 50 ዋት ሲቀበል ግን የሚያልፈው 2.5 አምፔር ነው። እንጀራ ሲያስጋግር የኖረ ገመድ ስፒከር አይከብደውም።

ከሁሉ በፊት ስፒናውን ቁረጡ

ይህን ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የጻፍሁት በራሴ ቤት ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት የካውያ ገመድ ለስፒከር አድርጌ፣ አንዱን ጫፍ ከስፒከሩ ጋር አያያዝሁ። በሌላው ጫፍ ያለውን ስፒና «ነገ እቆርጠዋለሁ» ብዬ ተውሁት። የእህቴ ልጅ ስፒና ሲያይ ያደረገው ማንኛውም ልጅ የሚያደርገውን ነው፤ ሶኬት ላይ ሰካው። 220 ቮልት በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ገባ። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ ከዚያ ከውስጡ ጭስ ወጣ። ልጁ አልተነካም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ባዶውን ሽቦ በእጁ የያዘ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ስለዚህ ማንኛውንም የመብራት ገመድ ለስፒከር ከማሰባችሁ በፊት፣ ገና ከዕቃው ላይ ሳትፈቱት፣ መጀመሪያ ከሶኬት መነቀሉን አረጋግጡ። ከዚያ ስፒናውን ከሥሩ በፒንሳ ቆርጣችሁ ጣሉት። ስፒከርን በመብራት ስፒናና ሶኬት እያገናኙ መጠቀም ለአንድ ቀን እንኳ አይፈቀድም። አንዴ ለስፒከር የዋለ ገመድም ተመልሶ ወደ መብራት አይሄድም። ለዚህ እንዲረዳኝ እኔ በሁለቱም ጫፍ ቀይ ክር እጠመጥማለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ቀይ ክር ያለው ገመድ የስፒከር መሆኑን ያውቃል።

ገመዱን መሰብሰብ

ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ጥሩዎቹ የምጣድ፣ የምድጃ፣ የካውያና የማከፋፈያ ገመዶች፣ እንዲሁም ቤት ሲሠራ የተረፈ የ1.5 እና የ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመስመር ገመድ ናቸው። ቤት ውስጥ ከታጣ ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ይገኛል።

የዲሽ ገመድ በየጣሪያው ሥር ተርፎ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ወደ እሱ ይሄዳል። አልመክረውም። የመካከለኛው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ነው፤ ዙሪያውን ያለው መረብ ደግሞ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ለዲሽ ሥራው ፍጹም ተስማሚ ነው፤ የዲሽ ምልክት የሚጓዘው በሽቦው ቆዳ ላይ ነውና። የስፒከር ድምፅ ግን የሽቦውን ሙሉ ውስጥ ስለሚጠቀም ብረቱ ያግተዋል።

ከምሰሶ ላይ የተቆረጠ የስልክ ወይም የመብራት ገመድ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ አትግዙ። አንድ ሰፈር ስልክ ወይም መብራት አጥቶ የተገኘ ሽቦ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሽቦ ሙዚቃ መስማት የለብንም።

መዳብ መሆኑን ማረጋገጥ

ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አንድ ጥቅል ገመድ አነሣሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ንጹሕ መዳብ ነው» አለኝ። ጫፉ በእርግጥ ቀይ ነው፤ ያበራል። ኪሴ ውስጥ ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁት ትንሽ ማግኔት ነበር፤ አስጠጋሁት፤ አልያዘም። ስለዚህ ብረት አይደለም። ቀጥሎ በምላጭ አንዱን ክር ቀስ ብዬ ፋቅሁት። ቀዩ ቆዳ ተነሣና ከሥሩ እንደ አዲስ ድስት የሚያበራ ነጭ ብቅ አለ። አሉሚኒየም ነበር፤ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም። ለሻጩ አሳየሁት፤ እሱም አያውቅም ነበር። ደነገጠና ሌላ ጥቅል አውጥቶ «ይህንንስ?» አለኝ። ያኛው ቢፋቅም ቢፋቅም ውስጡም ቀይ ነበር፤ እሱን ወሰድሁ።

ስለዚህ ሁለቱንም ፈተና አድርጉ። ማግኔቱ ብረትን ይለያል፤ ምላጩ አሉሚኒየምን ይለያል። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ሦስተኛ ምልክትም አለ፤ መዳብ ለበስ አሉሚኒየም አንድ ቦታ ላይ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከመዳብ ቶሎ ይቆረጣል። ሌላ ገመድ ከጠፋ ግን ይህንንም መጠቀም ይቻላል፤ ውፍረቱን ከሚያስፈልገው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ አድርጉት፤ አታጣጥፉት።

ከምጣድና ከካውያ የመጣ ገመድ ደግሞ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ከምጣዱ ጋር ተያይዞ የነበረው ጫፍ ለዓመታት ሙቀት ስለበላው ፕላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መዳቡም ይጠቁራል። የጠቆረ መዳብ በደንብ አይገናኝም። ስለዚህ ከዚያ ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉና ላጡት። አሁንም ጥቁር ከሆነ እንደገና ቁረጡ። መዳቡ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ ድረስ አታቁሙ።

ውፍረቱን መለካት

ገመዱ ላይ «3 × 2.5» ወይም «2 × 0.75» የሚል ጽሑፍ ካለ ሥራው አለቀ። የመጀመሪያው ቁጥር በውስጡ ስንት ሽቦ እንዳለ፣ ሁለተኛው የእያንዳንዱ የመዳብ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ካሬ እንደሆነ ይናገራል። ጽሑፉ ከጠፋ በእርሳስና በማስመሪያ ይለካል። አንድ ወጥ የሆነ ሽቦ ከሆነ ላጡትና እርሳስ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ 10 ጊዜ ጠምጥሙት። የጥምጥሙን ስፋት በማስመሪያ ለኩ። 14 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሽቦው 1.4 ነው፤ ይህ የ1.5 ገመድ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ የ2.5 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ውፍረቱን በራሱ አባዙት፤ ከዚያ በ0.785 አባዙት።

ብዙ ቀጭን ክር ያለው ከሆነ አንዱን ክር አውጡና 20 ጊዜ ጠምጥሙት። 4 ሚሊ ሜትር ከሞላ አንዱ ክር 0.2 ነው፤ ስፋቱም 0.031 ሚሊ ሜትር ካሬ። ከዚያ ክሮቹን ቁጠሩ። 24 ከሆኑ 0.75፣ 32 ከሆኑ 1፣ 48 ከሆኑ 1.5 ነው። ክር መቁጠር አሰልቺ ይመስላል፤ እኔ ግን ከቡና ጋር ደስ ብሎኝ የምሠራው ሥራ ነው። ፒያሳ በወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ተሸፍኖ «የስፒከር ገመድ» ተብሎ የሚሸጠውን አንዴ ስቆጥረው መዳቡ ግማሽ ሚሊ ሜትር ካሬ እንኳ አልሞላም ነበር።

ርዝመቱን መወሰን

መዳብ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ በየሜትሩ 0.017 ኦም ያህል ያግታል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የ10 ሜትር ገመድ 20 ሜትር ሽቦ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። የገመዱ እገታ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ ካላለፈ የሚጠፋው ድምፅ ግማሽ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አይሞላም፤ በጆሮ አይለይም። በዚህ ልክ ለ8 ኦም ስፒከር የሚፈቀደው ርዝመት የሚከተለው ነው፦

የ0.5 ገመድ እስከ 5 ሜትር ተኩል
የ0.75 ገመድ እስከ 8 ሜትር ተኩል
የ1 ገመድ እስከ 11 ሜትር
የ1.5 ገመድ እስከ 17 ሜትር
የ2.5 ገመድ እስከ 29 ሜትር

ስፒከራችሁ ከኋላው 4 ኦም ተብሎ ከተጻፈበት ርዝመቱን በግማሽ ቀንሱ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን በአንድ ገመድ ላይ ጎን ለጎን ካገናኛችሁም ለአምፕሊፋየሩ 4 ኦም ናቸው።

ለሳሎን ይህ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግም፤ ሦስትና አራት ሜትር የካውያ ገመድ ይበቃል። ሒሳቡ የሚያስፈልገው ሰርግ ሲመጣና አምፕሊፋየሩ ቤት ውስጥ ሆኖ ስፒከሩ ግቢ ውስጥ ዳስ ሥር ሲቆም ነው። 25 ሜትር በ0.75 ገመድ ብትዘረጉ፣ 8 ኦም ስፒከር ጋር የሚደርሰው ኃይል በሩብ ገደማ ይቀንሳል፤ 4 ኦም ከሆነ በ40 በመቶ። ሰዉ «ድምፅ ጨምሩ» ይላል፤ አምፕሊፋየሩ ይጨናነቃል፤ ከበሮው ይሰነጠቃል። በተረፈው የ2.5 የመስመር ገመድ ግን ለ8 ኦም ስፒከር ያው 25 ሜትር በደንብ ይሠራል።

የኔትወርክ ገመድ ላላቸው

ካት 5 የሚባለው የኔትወርክ ገመድ በየቢሮው እድሳት ሲደረግ በብዛት ይጣላል። በውስጡ 8 ሽቦ አለው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስለሆነ ስፋቱ 0.2 ነው። አንድ ጥንድ ብቻውን ለ8 ኦም ስፒከር ከሁለት ሜትር ብዙም አያልፍም። ስምንቱን በአራት አራት ስታዋህዷቸው ግን 0.8 ይሆናሉ፤ እስከ 9 ሜትር ያስኬዳሉ።

አሠራሩ ይህ ነው። የውጪውን ሽፋን አራት ጣት ያህል ላጡ። ጥንዶቹን ፍቱ። ሙሉ ቀለም ያላቸውን አራቱን፣ ማለትም ብርቱካንማውን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውንና ቡናማውን፣ በአንድ ወገን ሰብስቡ፤ እነዚህ ፖዘቲቭ ይሁኑ። ነጭ መደብ ያላቸውን አራቱን በሌላ ወገን ሰብስቡ፤ ኔጌቲቭ ይሁኑ። በሌላውም ጫፍ ሳትሳሳቱ እንዲሁ አድርጉ። አንዲት ነጭ ሽቦ ወደ ባለቀለሞቹ ከገባች ሁለቱ ወገኖች ይነካካሉ፤ አምፕሊፋየሩ ሾርት ያደርጋል። ሽቦዎቹ ወጥ ስለሆኑ ደጋግሞ ማጠፍ ይሰብራቸዋል፤ ግድግዳ ላይ ለሚተከልና ለማይነቃነቅ መስመር ብቻ ተጠቀሙባቸው። ይህ ገመድ፣ የስልክ ገመድም ጭምር፣ ለ220 ቮልት በፍጹም አይውልም።

መላጥና ማያያዝ

አምፕሊፋየሩን አጥፉ፤ ስፒናውንም ንቀሉ።

የሦስት ሽቦ ገመድ ከሆነ ቡናማውን ለፖዘቲቭ፣ ሰማያዊውን ለኔጌቲቭ ውሰዱ። ቢጫና አረንጓዴ የሆነውን በሁለቱም ጫፍ አጭር አድርጋችሁ ቁረጡና ናስትሮ ጠቅልሉበት። ከእያንዳንዱ ሽቦ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ላጡ። ምላጩን ዙሪያውን ስታዞሩ መዳቡን እንዳይነካ አድርጉ፤ የተጫረ ክር ቆይቶ እዚያው ላይ ይቆረጣል። ክሮቹን በጣትና በአውራ ጣት መካከል ወደ አንድ አቅጣጫ አጥብቃችሁ ግመዱ። አሁን ጫፉን ወደ ብርሃን አቅርቡና ተመልከቱ፤ ተለይታ የቆመች አንዲት ክር ካለች እንደገና ግመዱት። አምፕሊፋየርን የምታቃጥለው ያቺ ከጸጉር የቀጠነች ክር ናት፤ ጎረቤቷ ያለውን ተርሚናል (የሽቦ ማሰሪያ) ስትነካ።

የ2.5 ገመድ በትንሽ ስፕሪንግ መያዣ ውስጥ አይገባም። አንዳንድ ሰው ክሮቹን እየቆረጠ ያቀጥነዋል። ከዚያ ይልቅ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን የ0.75 ሽቦ ውሰዱና ከወፍራሙ ጋር በሞርሴቶ፣ ማለትም ሽቦ በብሎን በሚጠብቅበት ማገናኛ፣ አያይዙት። እንዲህ ያለ አጭር ቅጥያ ድምፁን አይጎዳም። የመበየጃ ካውያና የብየዳ እርሳስ ያለው ሰው መበየድ ይችላል። በእጅ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ግን ጊዜያዊ ነው፤ ከወራት በኋላ ይላላል፤ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ሰውም ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል።

ከአምፕሊፋየሩ ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች ሽቦ መገናኘቱን በሚያሳይ ቴስተር ፈትሹ። ስፒከሩ ገና ሳይያያዝ ሁለቱ ሽቦዎች ሊገናኙ አይገባም፤ ቴስተሩ ከጮኸ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል። በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች ጥቁሩም ተርሚናል ኃይል አለውና የግራንና የቀኝን ጥቁሮች በአንድ ሽቦ ማጣመር አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ሁለት ሽቦ ይሂድለት።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ

ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው በጣት ዳስሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጠርዝ ላይ ስስ መስመር አለው። ከሌለው አንደኛው ላይ ቋጠሮ አድርጉ። ስፒከሩ ራሱ ምልክቱ ከጠፋበት 1.5 ቮልት ባትሪ ውሰዱና ለቅጽበት ብቻ አስነኩት። የስፒከሩ ወረቀት (የሚርገበገበው ፊቱ) ወደ ውጪ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገላቢጦሽ ነው።

ይህን ቸል ብላችሁ አንዱን ስፒከር ገልብጣችሁ ብታገናኙ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ሙዚቃው ግን ይበላሻል። አንዱ ወረቀት ሲወጣ ሌላው ስለሚገባ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ዝርጋታ

የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት ከሆነ ምስማሩን ገመዱ ላይ አትምቱ፤ ከጎኑ ምቱና በክር እሰሩት። በመብራት ገመድ አጠገብ ጎን ለጎን አታስኪዱት፤ ሌላ ሠራተኛ ነገ መጥቶ እንዳያምታታው አንድ ክንድ ያህል ይራራቁ። በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ከአሮጌ የውኃ ቱቦ ቆርጣችሁ አልብሱት፤ ቆርቆሮ በንፋስ እየተነቃነቀ ፕላስቲኩን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል። አይጥ ባለበት ቤትም ያው ቱቦ ይረዳል። ወደ ግቢ የወጣ መስመር ካላችሁ የጎንደር ክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉት፤ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃችሁ።

መጀመሪያ ማብራት

የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉና አብሩ። ጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። አምፕሊፋየሩ በዝቅተኛ ድምፅ ከጋለ፣ ከጠፋ፣ ወይም ቀይ መብራት ካሳየ ወዲያው ነቅላችሁ ጫፎቹን እንደገና ተመልከቱ።

ከዚያ የምታውቁትን ዘፈን ክፈቱ። እኔ ማሲንቆና ከበሮ ብቻ ያለበትን የአዝማሪ ቅጂ ነው የምከፍተው። ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቄ እቀመጣለሁ። አዝማሪው በሁለቱ መካከል እንደ ቆመ ሆኖ ከተሰማኝና ከበሮው ደረቴን ከነካኝ መስመሩ ትክክል ነው። ድምፁ መቆሚያ አጥቶ በክፍሉ ውስጥ ከተበተነ፣ ከበሮውም እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከቀጠነ፣ አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ የአንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች ብቻ አቀያይራለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስቀል ሰሞን፣ ካቻቢቴ ይዤ እያንዳንዱን ብሎን እንደገና አጠብቃለሁ። እርጥበት አረንጓዴ ያደረገው ጫፍ ካገኘሁም 2 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ አዲስ መዳብ አወጣለሁ። ለዚህ ብዬ ገመዱን ስዘረጋ ሁልጊዜ አንድ ክንድ ትርፍ ከስፒከሩ ጀርባ እተዋለሁ።